ረጅም ቀንድ ጥንዚዛ ስታገኙ ስሙንና የተፈጥሮ አገሩን የምትለዩበት ዝርዝር መመሪያ

በዚህ ሥራ ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ከጀርባ በኩል ያነሳትን አንዲት ፎቶ ለመተግበሪያ ይሰጥና መጀመሪያ የመጣለትን ስም ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ጥንዚዛውን ያገኘበትን ቦታ የጥንዚዛው አገር አድርጎ ይመዘግባል። እነዚህ ጥንዚዛዎች ደግሞ ልጅነታቸውን እንጨት ውስጥ ነው የሚያሳልፉት። እንጨት በመርከብ ይጫናል፣ ሣጥን ይሆናል፣ ወንበር ይሆናል። ስለዚህ ስሙን ከአካሉ ፈልጉ። አገሩን ደግሞ ካገኛችሁበት ቦታ ነጥላችሁ ፈልጉ።

ቤተሰቡ ሴራምቢሲዴ ይባላል። ስም የተሰጣቸው ዝርያዎቹ ከ30,000 በላይ ናቸው። «ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት» ብላችሁ ከገባችሁ መውጫው ይጠፋችኋል።

ለአጻጻፍ እንዲመቸን እንስማማ። «ቀንድ» የምለው አንቴናውን ነው። «ሽፋን» የምለው ጀርባውን የሚያለብሱትን ሁለት ጠንካራ የላይ ክንፎች ነው። «ጋሻ» ደግሞ በጭንቅላቱና በሽፋኖቹ መካከል ያለው ክፍል ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጋችሁ

- 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ። ያለዚህ ከደረጃ 4 አታልፉም።
- በሚሊሜትር የተከፋፈለ ማስመሪያ።
- ሰፊ አፍ ያለው ብልቃጥ፣ ውስጡ የተጨማደደ ወረቀት። ወረቀቱ ከሌለ ጥንዚዛው ሲንሸራተት ቀንዱን ይሰብራል።
- ለስላሳ ወረንጦና ቀጭን መርፌ።
- ነጭ ወረቀትና ጥሩ የቀን ብርሃን።
- ማስታወሻ ደብተር። ስልክም ይሆናል፣ ግን እዚያው ቆማችሁ ጻፉ።

ደረጃ 1፦ ሳትነኩት መዝግቡ

1. ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ብዙዎቹ ዝርያዎች ጎልማሳ ሆነው የሚታዩት በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው።
2. ቦታውን ከስልካችሁ በኬክሮስና ኬንትሮስ ውሰዱ። ስልኩ «እስከ ይህን ያህል ሜትር ልሳሳት እችላለሁ» የሚለውንም ቁጥር አብራችሁ ያዙ። ከፍታውንም ጨምሩ።
3. ምን ላይ ነበር? ግንድ፣ አበባ፣ ግድግዳ፣ መብራት ሥር? ዛፍ ላይ ከሆነ ዛፉን ለዩ። ሕያው ነው፣ እየደረቀ ነው ወይስ የተቆረጠ ግንድ?
4. አጠገቡ መውጫ ቀዳዳ ካለ ስፋቱንና ቅርጹን ለኩ። ክብ ነው ወይስ ሞላላ? ሥሩ የእንጨት ብናኝ ፈሶ እንደሆነም እዩ።
5. ቤት ወይም መጋዘን ውስጥ ከሆነ በአካባቢው ያለውን እንጨት ሁሉ ፈትሹ። ሣጥን፣ ፓሌት (ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት መደብ)፣ አዲስ የገባ የቤት ዕቃ፣ የቀርከሃ ዕቃ።

ፓሌት ወይም የዕቃ ማሸጊያ ሣጥን ካገኛችሁ ማህተሙን ፎቶ አንሱ። ዓለም አቀፉ የማሸጊያ እንጨት ደንብ እንጨቱ እስከ መሃሉ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ 30 ደቂቃ እንዲቆይ፣ ወይም በሌላ በተፈቀደ ዘዴ እንዲታከም ያዛል። ማህተሙ ላይ ሁለት ፊደል ያለው የአገር መለያ አለ። ልብ በሉ፣ መለያው የሚናገረው እንጨቱ የታከመበትን አገር ነው። ዛፉ የበቀለው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ደረጃ 8 ላይ ስትደርሱ ጥሩ ፍንጭ ነው።

ደረጃ 2፦ ያዙት፣ ግን በጥንቃቄ

በመጀመሪያ ረጅም ቀንድ ጥንዚዛ መሆኑን እርግጠኛ ካልሆናችሁ በባዶ እጅ አትንኩት። አንዳንድ መሳዮቹ ቆዳ የሚያሳብጥ ፈሳሽ ያወጣሉ። ረጅም ቀንዶቹ ራሳቸው በአብዛኛው መርዝ የላቸውም፣ መንጋጋቸው ግን እንጨት የሚፈለፍል ነው። ትልልቆቹ ጣት ያደማሉ።

1. ብልቃጡን ከፊት ለፊቱ አድርጉና ከኋላ በወረቀት ገፋ ገፋ አድርጉት። ራሱ ይገባል።
2. በእጅ መያዝ ግድ ከሆነ ጋሻውን ከግራና ቀኝ ያዙ። በቀንዱ በፍጹም አታንጠልጥሉት።
3. ሲያዝ «ጭርጭር» የሚል ድምፅ ቢያሰማ አትደንግጡ። ብዙዎቹ ጋሻቸውን ከኋላው ካለው ክፍል ጋር እያፋተጉ ይጮኻሉ። ይህንንም ጻፉት።
4. ብልቃጡን ፍሪጅ ውስጥ 10 ደቂቃ አስቀምጡ። ፍሪዘር አላልኩም። ሲቀዘቅዝ ይረጋና ፎቶ ለማንሳት ይመቻል።

ማስጠንቀቂያ፦ ለመግደል አትቸኩሉ። በሕግ የተጠበቁ ዝርያዎች አሉ። በአውሮፓ ኅብረት የምትጠበቀው ሰማያዊ ግራጫዋ ሮዛሊያ አልፒና አንዷ ናት። እንዲህ ያለውን ፎቶ አንስታችሁ ልቀቁት። በሌላ በኩል ከማሸጊያ እንጨት የወጣውን፣ ወይም በአካባቢው አይቶት የሚያውቅ የሌለውን አትልቀቁ። ብልቃጡን አጥብቃችሁ ዝጉና እስክትለዩት ድረስ ያዙት።

ደረጃ 3፦ ስድስት ፎቶ

አንድ ፎቶ አይበቃም። ስድስቱ እነዚህ ናቸው፦

1. ከላይ፣ ሙሉ አካሉ ከማስመሪያ ጋር።
2. ከጎን፣ ጭንቅላቱና ጋሻው በደንብ እንዲታይ።
3. ፊት ለፊት። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው፣ ንዑስ ቤተሰቡን የሚለየው ግን እሱ ነው።
4. ከሥር፣ ደረቱና ሆዱ።
5. አንዱ ቀንድ ከመነሻው እስከ ጫፉ።
6. የአንድ እግር ጫፍ፣ በተቻለ መጠን ቀርባችሁ።

ፍላሽ አጥፉ። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሽፋን በፍላሽ ሲነሳ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ይመስላል፤ ስንቱን ሰው እንዳሳሳተ! በመስኮት አጠገብ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አንሱት። ርዝመቱን ከግንባሩ እስከ ሽፋኑ ጫፍ ለኩ፣ ቀንዱን አትጨምሩ። ቀንዱን ለብቻው ለኩና ለአካሉ ርዝመት አካፍሉት። ይህ ቁጥር በኋላ ጾታውን ለመገመት ይጠቅማል።

ፎቶው ከደበዘዘ ዙም አታድርጉ። ሌንሱን የስልኩ ካሜራ ላይ ለጥፋችሁ ጥንዚዛውን አቅርቡ።

ደረጃ 4፦ በእርግጥ ረጅም ቀንድ ነው?

ቀንዱ መርዘሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦

1. አፉን እዩ። እንደ መርፌ የሾለ ቱቦ ከደረቱ ሥር ታጥፎ ካለ ጥንዚዛ አይደለም፣ ትኋን መሰል ነፍሳት ነው። እዚህ አቁሙ።
2. ሽፋኖቹ መሃል ላይ በቀጥታ መስመር ይገጥማሉ? ካልገጠሙ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ከተደራረበ፣ ምናልባት ፌንጣ ወይም ትኋን መሰል ነው።
3. ዓይኑን በሌንስ እዩ። የአብዛኞቹ ዓይን እንደ ኩላሊት የጎደጎደ ነው፣ ቀንዱም ከዚያ ጉድጓድ አጠገብ ከፍ ካለች ጉብታ ላይ ይነሳል። ቀንዱን ወደኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ ማስተኛት ይችላል።
4. የእግሩን ጫፍ አንጓዎች ቁጠሩ። አራት ይመስላሉ። በእውነቱ አምስት ናቸው፣ አራተኛዋ ግን ልብ በሚመስለው ሦስተኛ አንጓ ውስጥ ተሸሽጋ በጣም ትንሽ ናት።

ቅጠል በል ጥንዚዛዎችም እንዲህ ያለ እግር አላቸው። ስለዚህ ከ3 ጋር ካልገጠመ 4 ብቻውን አያሳምናችሁ። የፊትና የመሃል እግሮቹ አምስት አምስት፣ የኋላዎቹ አራት አራት አንጓ ካላቸው ደግሞ ያ ቆዳ የሚያሳብጠው ወገን ሊሆን ይችላል። እጃችሁን ታጠቡ።

ደረጃ 5፦ ንዑስ ቤተሰቡን ለዩ

እዚህ ጋ ቀለሙን እርሱት። ጥያቄዎቹን በተራ ጠይቁ፣ «አዎ» ካላችሁበት ቁሙ።

1. የጋሻው ጎን ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ስለታም ጠርዝ አለው? ጠርዙ ላይስ ጥርሶች አሉ? ፕራዮኒኔ ነው። ብዙ ጊዜ ትልቅና ቡናማ ነው።
2. ፊቱ ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ ቁልቁል ይወርዳል ወይም ወደ ውስጥ ያጋድላል? ከአፉ ሥር የተንጠለጠሉት ትናንሽ መቅመሻዎች ጫፍስ ሾጣጣ ነው? ላሚኔ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች እዚህ ናቸው።
3. ጭንቅላቱ ከዓይኑ ኋላ አንገት እንዳለው ይጠባል? አካሉስ ወደ ኋላ እየቀጠነ ይሄዳል? ሌፕቱሪኔ ነው። አበባ ላይ ይበዛሉ።
4. ከሦስቱም ካልሆነና የመቅመሻው ጫፍ የተቆረጠ ወይም ደነዝ ከሆነ፣ ሴራምቢሲኔ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ጥያቄ 1 ላይ ነው። ጎኑ ላይ አንድ እሾህ ያየ ሁሉ «ፕራዮኒኔ» ይላል። አንድ እሾህ ጠርዝ አይደለም። ላሚኔዎችም እሾህ አላቸው። መርፌውን በጋሻው ጎን ላይ አስኪዱት፤ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ስለት ካለ ይሰማችኋል።

ከአራቱ ውጭ የሆኑ ትናንሽ ንዑስ ቤተሰቦችም አሉ። ቀንዱ አጭር፣ አካሉ ጠቆር ያለ፣ የመጣውም ከፓይን ወይም ከመሰል ዛፍ ከሆነ ስፖንዲሊዲኔን ፈትሹ።

ደረጃ 6፦ ወደ ወገንና ዝርያ ውረዱ

«ወገን» የምለው የሚቀራረቡ ዝርያዎችን የያዘውን ምድብ ነው፤ ከዝርያው ሁለት ቃል ስም የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው። አሁን የመለያ ቁልፍ ያስፈልጋችኋል። መለያ ቁልፍ ማለት በጥንድ ጥንድ ጥያቄ የሚመራችሁ ሰነድ ነው። ጥንዚዛውን ላገኛችሁበት አህጉር የተዘጋጀውን ምረጡ፣ ግን ስደተኛ ሊሆን እንደሚችል አትርሱ።

1. ጥንዱን ሁለቱንም አንብቡ። የመጀመሪያው ስለገጠመ ብቻ አትለፉ።
2. ከጥንዱ የቱ እንደሆነ ካቃታችሁ በሁለቱም መንገድ ሂዱ። አንደኛው ጥቂት ቆይቶ «ርዝመቱ 60 ሚሊሜትር» ምናምን ብሎ ራሱን ያጋልጣል።
3. የቀንድ አንጓ ሲጠየቅ ሁለቱንም ቀንድ ቁጠሩ። መደበኛው 11 ነው። እኔ አንድ ጊዜ ጫፉ የተሰበረ ቀንድ ቆጥሬ 9 አገኘሁና ሁለት ምሽት ሙሉ የማይሆን ወገን ውስጥ ስዳክር ከረምኩ። ሁለተኛው ቀንድ ደረቱ ሥር ታጥፎ ነበር፣ ሙሉ።
4. ጾታውን አስቡ። በብዙ ዝርያዎች የወንዱ ቀንድ ከሴቷ በጣም ይረዝማል። ሥዕሉ የወንድ፣ እጃችሁ ላይ ያለችው ሴት ከሆነች «አይመሳሰልም» ብላችሁ ትክክለኛውን ስም ልትጥሉ ትችላላችሁ።

መተግበሪያን በተመለከተ፦ እንደ አይናቹራሊስት ያሉትን ተጠቀሙ፣ ግን የሚሰጣችሁን ስም እንደ ጥቆማ ብቻ ውሰዱት። በተለይ «በአካባቢው የሚጠበቁ» የሚለው ምርጫ በርቶ ከሆነ አጥፉትና እንደገና ሞክሩ። ከሩቅ የመጣውን ጥንዚዛ የሚደብቅባችሁ እሱ ነው።

ጥቁሩና ባለ ነጭ ነጠብጣቡ፦ አብረን እንለየው

ሰው በጣም የሚደናገርበትን ልውሰድ። እጃችሁ ላይ 28 ሚሊሜትር የሚሆን ጥቁር ጥንዚዛ አለ እንበል። ነጭ ነጠብጣብ አለው፣ ቀንዱ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ ይሄዳል፣ ጋሻው ጎን ላይ እሾህ አለ። ፊቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ላሚኔ ነው። ሦስት ተጠርጣሪ አለን።

በመጀመሪያ በሁለቱ ሽፋኖች መነሻ መካከል ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን እዩ። ደማቅ ነጭ ከሆነችና ሽፋኑ ሸካራ፣ ነሐስ ቢጤ ከሆነ፣ የሰሜን አሜሪካው ሞኖካመስ ስኩተላተስ ነው ማለት ይቻላል። የፓይንና የመሰሎቹ እንጨት ነው የሚወደው።

ነጭ ካልሆነችና ሽፋኑ እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ወደ አኖፕሎፎራ ወገን ገባን። አሁን መርፌውን በሽፋኑ መነሻ፣ ትከሻው አጠገብ፣ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ። ለስላሳ ሆኖ ከሄደ አኖፕሎፎራ ግላብሪፔኒስ ነው። እንደ አሸዋ ፍሬ በትናንሽ ጉብታዎች እየተንገጫገጨ ከሄደ አኖፕሎፎራ ቺኔንሲስ ነው። ነጠብጣብ መቁጠር አያዋጣም፤ ከአንዱ ጥንዚዛ ወደ ሌላው ይለያያል።

ሌላ ጥንድ ልጨምር፣ የባሕር ዛፉን ፎራካንታ። ፎራካንታ ሬከርቫ ሽፋኑ በአብዛኛው ክሬም ቢጫ ሆኖ ጫፉ አካባቢ ይጠቁራል፣ የቀንዱ አንጓዎችም ከሥራቸው ወርቃማ ረጃጅም ፀጉር አላቸው። ፎራካንታ ሴሚፑንክታታ ሽፋኑ በአብዛኛው ጠቆር ያለ ነው፣ መሃሉ ላይ ያለውን ፈዛዛ ክፍል ዚግዛግ መስመር ያቋርጠዋል። ተመሳሳይ ዛፍ ላይ አብረው ስለሚገኙ ዛፉ አይለያቸውም።

ደረጃ 7፦ ስሙን አረጋግጡ

1. ያገኛችሁት ስም ዛሬም የሚሠራበት መሆኑን እዩ። አንድ ዝርያ በርካታ አሮጌ ስሞች ሊኖሩት ይችላል። ታይታን የተባለው የረጅም ቀንድ ጥንዚዛዎች የመረጃ ቋት ለዚህ ሁነኛ ነው።
2. አሮጌዎቹን ስሞች በሙሉ ቅዱ። አገሩን ስትፈልጉ በነሱም ትፈልጋላችሁ።
3. ከስሙ ቀጥሎ ያለው ሰው ስምና ዓመት በቅንፍ ከሆነ፣ ዝርያው መጀመሪያ ሲሰየም በሌላ ወገን ነበር ማለት ነው። ለምሳሌ የቤት እንጨት የሚበላው ሃይሎትሩፐስ ባጁለስ (ሊኒየስ፣ 1758) ተብሎ ይጻፋል። ሊኒየስ የሰጠው ስም ሴራምቢክስ ባጁለስ ስለነበር ነው።

ደረጃ 8፦ የተፈጥሮ አገሩን ፈልጉ

ጂቢፍ የሚባለው ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት ላይ ስሙን ስታስገቡ ነጥብ ነጥብ ያለበት ካርታ ይሰጣችኋል። ያንን ካርታ እንደወረደ «አገሩ ይህ ነው» አትበሉ። አጣሩት።

1. ኬክሮሱም ኬንትሮሱም ዜሮ የሆነ ነጥብ ጣሉ። ከምዕራብ አፍሪካ ወጣ ብሎ ባሕር ላይ የቆመው ነጥብ ያ ነው፣ የመረጃ ስህተት።
2. የአንድ አገር መሃል ላይ በትክክል የተቀመጡትን ጠርጥሩ። ብዙ ጊዜ አሮጌ ናሙና ላይ የአገር ስም ብቻ ስለነበር የተገመቱ ናቸው።
3. የናሙና መዝገብና የፎቶ መዝገብ ለዩ። ፎቶውን ከፍታችሁ ደረጃ 6 ላይ ባየናቸው ምልክቶች ራሳችሁ ፈትሹት።
4. አደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎች ትክክለኛ ቦታቸው ሆን ተብሎ ይደበቃል። ነጥቡ ሐይቅ መሃል ቢሆን ስህተት ነው ብላችሁ አትሟገቱ።
5. የቀሩትን በዓመት ደርድሩ። ተወላጅ በሆነበት አገር መዝገቡ ብዙ ጊዜ ያረጀና የተበተነ ነው። በመጣበት አገር ግን ድንገት ይጀምርና ከወደብ ወይም ከከተማ ዙሪያ ይሰፋል።
6. የሚበላውን ዛፍ አገር ተመልከቱ።

አምስተኛውን በምሳሌ እንየው። አኖፕሎፎራ ግላብሪፔኒስ የቻይናና የኮሪያ ልሳነ ምድር ተወላጅ ነው። በአሜሪካ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ነው። ካርታ ላይ ኒውዮርክን አይቶ «ሰሜን አሜሪካም ይኖራል» የሚል ሰው ነጥቡን አልተሳሳተም። የተሳሳተው «ተፈጥሯዊ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

ስድስተኛው በፎራካንታ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ነጥቦቹ ካሊፎርኒያ፣ ሜዲትራኒያን ዙሪያና ደቡብ አፍሪካ ተዘርተዋል። የሚያገናኛቸው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ በሦስቱም ቦታ ተተክሎ እንጂ በተፈጥሮ አልበቀለም። የዛፉ አገር አውስትራሊያ ነው፣ የጥንዚዛውም እንደዚሁ። ካሊፎርኒያ ሴሚፑንክታታን ያየችው እ.ኤ.አ. በ1984፣ ሬከርቫን በ1995 ነው።

ይህ ዘዴ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ብዙ ዓይነት ዛፍ የሚበላ ዝርያ ሲያጋጥማችሁ ዛፉ ምንም አይነግራችሁም። ደረቅ እንጨት የሚበሉትማ ይብሳሉ፣ የሃይሎትሩፐስ እጭ ሣንቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆይና ዕቃው ከተሸጠ ከብዙ ጊዜ በኋላ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን ከላይ ወዳለው ተራ ቁጥር 5 ተመለሱ፣ የቅርብ ዘመዶቹ የት እንደሚኖሩም እዩ።

ካርታው ላይ ባዶ የሆነ ቦታ «የለም» ማለት አይደለም። የፈለገ ሰው የለም ማለት ሊሆን ይችላል። የዚያኑ ወገን ሌሎች ዝርያዎች በዚያ አካባቢ ተመዝግበው እንደሆነ አጣሩ። እነሱም ከሌሉ ባዶነቱን አትመኑት።

ደረጃ 9፦ ውጤቱን ጻፉ፣ ናሙናውን አኑሩ

ሦስት ዓይነት ቦታ ለይታችሁ ጻፉ፦ ተወላጅ የሆነበት፣ ሰው ያመጣበትና የተራባበት፣ አንድ ሁለቴ ብቻ ከዕቃ ጋር የተያዘበት። እነዚህን መቀላቀል ነው ካርታ የሚያበላሸው።

ዝርያው ካልተረጋገጠላችሁ ወገኑ ላይ ቁሙና «ያልተለየ ዝርያ» በሉ። ይህ ሽንፈት አይደለም። የተሳሳተ ስም በሌሎች ተቀድቶ ዓመታት ይዞራል፣ ያልተለየው ግን ተመልካች ይጠብቃል።

ናሙናውን የምታስቀሩ ከሆነ፦

1. ብልቃጡን ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሦስት ቀን ተዉት።
2. አውጥታችሁ ወዲያው ሳይደርቅ በስፒል ውጉት። ስፒሉ የሚገባው በቀኙ ሽፋን የላይኛው ክፍል ነው፣ መሃሉ ላይ አይደለም። መሃሉን ከወጋችሁት ያቺ ሦስት ማዕዘን ትጠፋለች።
3. ደርቆ ከተገተረ አታስገድዱት፣ እግሩ ይረግፋል። እርጥብ ወረቀት ባለበት የተዘጋ ዕቃ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን አቆዩት። ይለሰልሳል። ውሃው እንዳይነካው፣ ሻጋታ እንዳይዘውም በየቀኑ እዩት።
4. ሥሩ ላይ አገር፣ ቦታ፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ ከፍታ፣ ቀን፣ የተገኘበት ዛፍና የያዘው ሰው ስም ያለበት ትንሽ ወረቀት ሰኩ። ሁለተኛ ወረቀት ላይ ስሙንና ማን እንደለየው ጻፉ። ሁለቱን ወረቀት አትቀላቅሉ፣ ስሙ ነገ ሊቀየር ይችላል፣ ቦታው ግን አይቀየርም።

ከአካባቢው ውጭ የመጣ ሆኖ ከተገኘ፣ ስድስቱን ፎቶ፣ የቦታውን ቁጥርና የማሸጊያውን ማህተም ይዛችሁ በአካባቢያችሁ የዕፅዋት ኳራንቲን ሥራ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አሳውቁ። እንጨቱን ከቦታው አታንቀሳቅሱ፣ አትጣሉትም። ውስጡ ገና ያልወጡ እጮች ሊኖሩ ይችላሉና የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እስኪመጡ ድረስ በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ጫፉን እሰሩት።